የጨርቅ ደቻቱ

በዩኒቨርሲቲ የምማረው ትምህርት ስም አልነበረውም። መዝገብ ላይ የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ። ከሰዓት በኋላ ግን ከጥቂት ጓደኞቼ ጋር ግማሽ ቁልፎቹ ድምፅ የማይሰጡ ፒያኖ ወዳለበት አዳራሽ እንገባና እየዘፈኑ መተወን፣ እየተወኑ መደነስ፣ ሦስቱንም ባንድ ትንፋሽ ማድረግ እንማራለን። መከራው ይህን ለድሬዳዋ ሰው ማስረዳት ነበር። ክረምት ለእረፍት ስመጣ ከባቡር ጣቢያው እስከ ቤታችን ያገኘኝ ሁሉ፣ "ምን ትማሪያለሽ?" ይለኛል። "እየዘፈኑ ቲያትር መሥራት" እላለሁ። ጠያቂው ፊቱን ወደ እናቴ ያዞራል። እናቴ ቶሎ ብላ፣ "ቋንቋ ነው የምትማረው፣ ፈረንሳይኛ" ትላለች። ፈረንሳይኛ ድሬዳዋ ውስጥ ክብር ነበረው፤ የባቡሩ አለቆች የሚነጋገሩበት ቋንቋ ነው። እኔም እዚያው ቆሜ፣ "አይደለም፣ መዝፈን ነው" እላለሁ። እናቴ በክርኗ ትጎስመኛለች። እኔ ደግሜ እናገረዋለሁ።

አዝማሪ የሚለውን ቃል ፊት ለፊት የሚሰነዝር ጥቂት ነበር። ጀርባዬን ካዞርኩ በኋላ ግን ይሉታል፤ የሚሉትም እንድሰማው ነው። የሚያናድደኝ ቃሉ ብቻ አልነበረም። ሰርግ በመጣ ቁጥር ጉሮሯቸው እስኪዘጋ የሚዘፍኑት እነዚሁ ሰዎች ናቸው። ዘፈኑ ልቡን የነካው ከወንበሩ ይነሳል፣ የብር ኖት በምራቁ ያረጥባል፣ ዘፋኟ ግንባር ላይ ይለጥፋል፣ እልልታው ይቀልጣል። በማግስቱ ያቺው ዘፋኝ በመንገድ ስታልፍ ሸላሚው አያውቃትም። ድምፁን ለሰርጋቸው ይፈልጉታል፤ ልጃቸው ጉሮሮ ውስጥ ሲያገኙት ግን ሐኪም ቤት ሊወስዷት ይዳዳቸዋል። ይህን በልጅነቴ አይቼ ተናደድኩ፤ እውነቱን ለመናገር ንዴቱ እስከ ዛሬም አልበረደልኝም።

አባቴ የባቡር መካኒክ ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ወደ ጥገናው ሲሄዱ ቱታቸው የተተኮሰ ነው፤ ገና ሳይረፍድ ግራሶ እንደሚጨርሰው እያወቁ ያስተኩሱታል። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ሕግ ተምሬ ዳኛ የምሆን መስሏቸው የሥራ ባልደረቦቻቸውን ምሳ ጋበዙ። ምን እንደምማር የደረሱበት በዓመቱ ነው። አልጮኹም፣ እጃቸውን አላነሱብኝም። ስለ ትምህርቴ መጠየቅ ብቻ አቆሙ። ስለ አየሩ፣ ስለ ባቡሩ መንገድ፣ ስለ አዲስ አበባ ብርድ ይጠይቁኛል፤ ስለ ትምህርቴ አንዲት ቃል የለም። ከዱላ ይልቅ ያ ነበር ያመመኝ።

አለማወቃቸው ነበር የሚቆጨኝ። ሰው መዝፈን ማለት አፍ ከፍቶ የተሰጠውን ማውጣት ይመስለዋል። አስተማሪያችን ዕድሜያቸውን መድረክ ላይ የጨረሱ የውጭ አገር ሴት ነበሩ። ደረጃ እያስወጡና እያስወረዱ ያዘፍኑናል፤ ትንፋሽሽ ከተቆራረጠ ከታች እንደገና ትጀምሪያለሽ። በጀርባችን ያስተኙንና ሆዳችን ላይ መጽሐፍ ይቆልላሉ፤ "በትንፋሻችሁ አንሱት" ይሉናል። ከሁሉ የሚጠሉት ግን መሃል ላይ ከምትጫወቻት ሴት ወጥተሽ ራስሽን ስትሆኚ ነው። "ጣራው ቢወድቅ እንኳ የምትሸሺው ሴትዮዋን ሆነሽ ነው" አሉኝ አንድ ቀን። እኔ እልኸኛ ነኝ፤ ትምህርቱ ተስማማኝ። ማታ ማታ እግሬ እያበጠ እተኛለሁ፣ ጠዋት ደስ እያለኝ እነሳለሁ።

በዚያ ዘመን ሦስተኛውን ዓመት የጨረስን ተማሪዎች ለአንድ ዓመት እያስተማርን እንድናገለግል ወደየጠቅላይ ግዛቱ እንላክ ነበር። ከዚያ ተመልሰን የመጨረሻውን ዓመት እንማራለን። የእኔ ዕጣ የገዛ ከተማዬ ላይ ወደቀ። እናቴ ደስ ብሏት አለቀሰች። አባቴም ደስ አላቸው፤ የደስታቸውን ምክንያት ያወቅኩት ግን ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ነው። እራት ላይ ጉርሻቸውን ዋጡና፣

"ትምህርቱ ይበቃሻል" አሉ። "የባቡሩ ቢሮ ውስጥ ፈረንሳይኛ የምታውቅ ጸሐፊ ይፈልጋሉ። አነጋግሬልሻለሁ።"

"አንድ ዓመት ነው እኮ የቀረኝ፣ አባባ።"

"የምን አንድ ዓመት? የዘፈን? ግንባሯ ላይ ብር የሚለጠፍባት ሴት አባት እንድባል ነው?"

በሦስት ዓመት ውስጥ ስለ ትምህርቴ ሲናገሩ የሰማሁት ይህን ብቻ ነው። ደሜ ፈላ።

"ማንም አይለጥፍብኝም" አልኳቸው። "ቲያትር ሌላ ነው። መጥተው አላዩትም። እዚሁ ድሬዳዋ፣ አብረዋቸው በሚሠሩት ሰዎች ፊት ላሳይዎት።"

አባቴ እንደ ዳኛ ተናገሩ። "አንድ ሰው ተነስቶ እንደ አዝማሪ ከሸለመሽ ትቀሪያለሽ። ቢሮ ትገቢያለሽ።"

"ማንም ካልሸለመኝስ?"

"ትሄጃለሽ።"

"እሺ" አልኩ። እናቴ መሶቡን አንስታ ወጣች።

ዛሬ ይህን የሚያነቡ ልጆች ለምን ዝም ብለሽ አልሄድሽም ይሉኝ ይሆናል። በምን ልሂድ? ያለ አባቷ ፈቃድ ባቡር የምትሳፈር ልጃገረድ በዚያ ዘመን አልነበረችም። ብትኖርም ኮንትሮለሮቹ በሙሉ የአባቴ ወዳጆች ናቸው፤ ቀጣዩ ጣቢያ ላይ አውርደው ሻይ ካጠጡኝ በኋላ በሚመለሰው ባቡር ይልኩኝ ነበር።

የማስተምርበት ትምህርት ቤት በዓመቱ መጨረሻ ለወላጆች ዝግጅት ያሳያል። አዳራሹ የባቡር ሠራተኞች የሚሰበሰቡበት ነው፤ ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ትልልቅ ዛፎች ያጠሉበት፣ መድረኩ ከጉልበት ከፍ የማይል። ዝግጅቱን ለእኔ ስጡኝ አልኩ፣ ሰጡኝ። ታሪኩን ከየት ላምጣ ብዬ አልተቸገርኩም። ደቻቱ የሚባለው ወንዛችን ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ፍየል ይሄድበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ተራራው ላይ የዘነበ ቀን ግን ሳይታሰብ ይሞላና ከተማውን ለሁለት ይከፍለዋል። ገበያ የወጣች እናት እዚህ ትቀራለች፣ ልጆቿ እዚያ። ያኔ ሰው ዳር ላይ ተደርድሮ በየቋንቋው የየራሱን ሰው ስም ይጠራል፤ ማዶ ያለው ሲሰማ "አለሁ" ብሎ ይመልሳል። እኔ ራሴ ልጅ ሆኜ አለሁ ብዬ ጮኼ አውቃለሁ። ከዚህ የበለጠ ለመዝፈን የተዘጋጀ ታሪክ አላውቅም።

የእኔ ተውኔት ውስጥ አንዲት አትክልት ሻጭ ልጇን ማዶ ትታ ጎርፍ ይቆርጣታል፤ ልጇ ግን አትመልስላትም። እናት እንድትመልስላት ትጠራታለች። ይኸው ነው። ልጅቷን የምትጫወት ከተማሪዎቼ መሃል መረጥኩ፤ አባቷ አስቀሯት። ሌላ መረጥኩ፤ የእሷም እናት መጥታ፣ "የኔ መምህርት፣ ልጄን አታበላሺብኝ" አለችኝ በትህትና። በንዴት ሁለት ቀን ራሴን አመመኝ። በሦስተኛው ቀን ልጅቷን ከነጭራሹ አወጣኋት። ማዶውን ተመልካቹ መሃል አደረግኩት። ወንዙ ከመድረኩ ግርጌና ከመጀመሪያው ረድፍ ወንበር መካከል ይፈሳል፣ እኔ መድረኩ ጫፍ ቆሜ ወደ ሰዉ እጠራለሁ። ልጅ ከከለከሉኝ እነሱው ይቀመጡበት አልኩ።

የቀረኝ ወንዙ ነበር። ለእሱ ደቻቱን ተሻግሬ ወደ መጋላ ገበያ፣ ጨርቅ ወደምትሸጥ ሶማሌ የእናቴ ወዳጅ ሄድኩ። ኤዶ እላታለሁ፤ በእነሱ ቋንቋ አክስት ማለት ነው። አንቱ ማለት አልለመደባትም፣ አባቴንም አንተ ነበር የምትለው፤ አባቴ በዓለም ላይ አንተ ሲባሉ የሚስቁት ለእሷ ብቻ ነው።

"ጎርፍ የሚመስል ጨርቅ አለሽ፣ ኤዶ?"

ሳትደነቅ ተነሳችና ከመደርደሪያው ግርጌ አንድ ትልቅ ጥቅል ጎትታ አወጣች። መልኩ ልክ የደቻቱ ውሃ ነው።

"ይሄ ስንት ዓመት እዚህ ተኛ ወላሂ። ሰው ይመጣል፣ ያያል፣ ጭቃ ነው ይላል፣ ይሄዳል። ለጭቃ ከሆነ ውሰጂ አቦ።" ከዚያ ጣቷን ቀሰረችብኝ። "ማንም በጫማ እንዳይወጣበት። አጥበሽ ትመልሺዋለሽ።"

"ተመልካች ጎርፍ ውስጥ አይገባም" አልኳት። በዚያ ሰዓት አምኜበት ነው የተናገርኩት።

ቀኑ ደረሰ። ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞላ። ሙቀቱ የድሬዳዋ ሙቀት ነው፤ ሰው ሁሉ ራሱን በያዘው ነገር ያራግባል። አባቴ ሙሉ ልብስ ለብሰው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። በቀኛቸው እናቴ፣ በግራቸው የልብ ወዳጃቸው የሆኑ ባቡር ነጂ፤ ግዙፍ፣ ዝምተኛ፣ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ጋሽዬ የምላቸው ሰው። ኤዶ ጨርቋን ለመጠበቅ ይመስለኛል ከፊት ተቀምጣለች። የሂሳብ መምህራችን አኮርዲዮኑን አንስቶ ጀመረ። ከመድረኩ ግርጌ፣ በግራና በቀኝ፣ ተማሪዎቼ ጨርቁን ይዘው ማወዛወዝ ጀመሩ። መጀመሪያ ቀስ ብለው፣ ከዚያ እያሳበዱት። ሰዉ እግሩን ከወንበሩ ስር ሲሰበስብ አየሁ። ደቻቱ አዳራሽ ገብቷል።

ዘፈንኩ። ልመካ አልፈራም፣ ጥሩ አድርጌ ዘፈንኩ። መጀመሪያ ላይ አንዳንዱ ጎረቤቱን እየጎሰመ ይስቅ ነበር፤ ቆይቶ ሳቁ ጠፋ። የመጨረሻው ዘፈን ላይ አትክልት ሻጯ ድምፅዋ እየሰለለ ነው፣ ልጇ አልመለሰችም፣ መሽቷል።

ድልድዩን ወሰደው፣ መንገዱን ቆረጠው፤
ድምፄን ምን ያደርጋል? ውሃ አያሰምጠው።

ይህን ስል ጋሽዬ ከወንበራቸው ተነሱ። ጉንጫቸው ርሷል። እንደ ልማዳቸው በዝግታ፣ በረድፉ መሃል እየተላለፉ ወደ ፊት መጡ። ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ያወቅኩት እጃቸው ኪሳቸው ሲገባ ነው። ጎርፉ ውስጥ ገቡ። ተማሪዎቼ አቁሙ ያላቸው የለምና ጨርቁን ያራግባሉ፤ ግዙፉ ሰውዬ እስከ ጉልበታቸው ደቻቱ ውስጥ ቆመው የብር ኖቱን በምራቃቸው አረጠቡና ግንባሬ ላይ ለጠፉት።

እልልታው ጣራውን አነሳው። አኮርዲዮኑ ቆመ። ከኋላ ወንበር ሲጎተት፣ ሰው ሲነሳ፣ ኪስ ሲፈተሽ ሰማሁ፤ ሊሸልሙኝ ይመጡ ጀመር። አንዳቸውም ሊሰድቡኝ አልፈለጉም። ልባቸው ተነክቶ ነው፣ ልባቸው ሲነካ የሚያውቁት ይህን ብቻ ነው። ወደ አባቴ አየሁ። አንገታቸውን ደፍተው ጫማቸውን ያያሉ። ውርርዱ አለቀ፣ ተሸነፍኩ። የዚያ ቢሮ የጽሕፈት መኪና ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ።

ብሩን ልነቅለው ፈለግኩ። ብነቅለው ጋሽዬን በሰው ፊት ማዋረድ ነው፣ የምጫወታትን ሴትዮም ጥዬ መውጣት ነው። እጅ ነስቼ ላመሰግን ይሆን? እሱም ሴትዮዋን ጥሎ መውጣት ነው። ያኔ እልሄ መጣ። ሴትዮዋ እንደሆነች የምታየው ሌላ ነገር ነው፤ አንድ ሰው ጎርፍ ውስጥ ቆሟል። ጎንበስ ብዬ የኮታቸውን ኮሌታ በሁለት እጄ ያዝኩና፣

"ሰውዬ፣ ውሃ ውስጥ እኮ ነዎት። ይውጡ። ይውሰድዎት እንዴ?" አልኳቸው።

ጋሽዬ ወደ ታች አዩ። ጨርቁ ጉልበታቸው ላይ ይተማል። እግዜር ይስጣቸው፣ ደነገጡ። እግራቸውን መንጭቀው አወጡና ስጎትታቸው መድረኩ ላይ ወጡ። አጠገቤ ቆመው ያለከልካሉ። ወደሚመጡት ሰዎች ዞርኩ።

"ወደ ኋላ በሉ። ድልድዩ ተወስዷል። ማንም እንዳይገባ።"

ቆሙ። ብራቸውን እንደያዙ ጨርቁ ጫፍ ላይ ተደርድረው ቆሙ። ማን እንዳቆማቸው አላውቅም፣ እኔ ልሁን፣ ውሃው ይሁን፣ ወይስ ኤዶ፤ እሷ ከመቀመጫዋ፣ "ተመለስ አቦ፣ አትርገጠው" እያለች ነበር። ሲቆሙ ግን ልክ የጎርፍ ቀን ዳር ላይ የሚቆመውን ሰው ሆኑ። ሊሸልሙኝ የመጡት ሁሉ ማዶ ሆኑልኝ። እንደገና ዘፈኔን አነሳሁ፣ አኮርዲዮኑ ተከተለኝ። ከጎኔ ጋሽዬ በዚያ በሎኮሞቲቭ ጩኸት ላይ ለመጮህ በለመደ ድምፃቸው፣ ማንም ሳይነግራቸው፣ "ልጄ" ብለው ተጣሩ። ከማዶ አንዲት ሴት፣ "አለሁ" አለች። ከዚያ ሌላ፣ በኦሮምኛ። ከዚያ በሶማሌኛ። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። ያ በተውኔቱ ውስጥ አልነበረም፤ እኔ የጻፍኩት ልጅቷ ሳትመልስ ነበር የሚያልቀው። ድሬዳዋ ግን ማንም ሲጠራ ዝም ማለት አይችልም። ብሩ ከግንባሬ መቼ እንደወደቀ አላየሁም።

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴና ኤዶ ጨርቁን ለሁለት ተሸክመው ከፊት ይሄዳሉ። እኔና አባቴ በከዚራ ዛፎች ስር ከኋላ ቀረን።

"ተሸለምሽ" አሉ።

"ተሸለምኩ።"

"ቃልሽ ትዝ ይልሻል?"

"ይለኛል። ግን አልቀርም።"

ቆሙ። "ቃልሽን ታጥፊያለሽ?"

"አጥፋለሁ። ቃሉን ስሰጥዎት አዝማሪ መባል ነውር ነው ብዬ ተስማምቼልዎት ነበር። አሁን አልስማማም። አዝማሪ ነኝ፣ አባባ። ተምሬ ስመለስ ደግሞ የባስኩ አዝማሪ ነኝ። በባቡር ካላሳፈሩኝ በጭነት መኪና እሄዳለሁ።" ይህን እያልኩ ድምፄ ይንቀጠቀጣል፤ ያ ሁሉ የትንፋሽ ትምህርት የት እንደገባ እንጃ። "በምርቃትዎ ብሄድ ግን ደስ ይለኛል። በጣም ደስ ይለኛል።"

አባቴ መንገዳቸውን ቀጠሉ፣ እኔም ተከተልኳቸው። አንድ ጋሪ አለፈን። ደጃችን ልንደርስ ስንል ቆሙና፣

"እሱ ሰውዬ አያለቅስም" አሉ።

"ጋሽዬ?"

"ሚስቱን ስንቀብር አጠገቡ ነበርኩ። አላለቀሰም። ተዝካሯንም ሲያወጣ አላለቀሰም። ሰው ሁሉ ይጨነቅለት ነበር፣ ይታመማል እየተባለ። ዛሬ አለቀሰ።" ወደ እኔ ዞሩ። ፊታቸው ላይ ንዴት አልነበረም፤ ሥራ ቦታ ሳያቸው የማውቀው ፊት ነው፣ የተከፈተ ሞተር ላይ የሚያጎነብሱበት። "እንዴት አድርገሽ ነው?"

"እሱን ነው የምማረው፣ አባባ።"

አሰቡበት። "አንድ ዓመት ነው የቀረሽ?"

"አዎ።"

"በአንድ ዓመት ታውቂዋለሽ?"

አዎ ብዬ ነገሩን መጨረስ እችል ነበር። "አላውቀውም" አልኳቸው። "ዕድሜ ልክ ይወስዳል።"

"ይወስዳል" አሉ አባቴ፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ። የግቢውን በር ገፉና አሳለፉኝ። "እንግዲያው ባቡሩ እንዳያመልጥሽ።"